ደሴ ላይ ቤትን ለክረምት ማዘጋጀት

በደሴ ከተማ ቤትን ለክረምት ማዘጋጀት ከበልግ ዝናብ በኋላ ተጀምሮ ሰኔ ሳይገፋ የሚያልቅ የጥገና ሥራ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተቀምጣለች። ከላይ የወረደ ውሃ ሁሉ ወደ ቦርከና ወንዝ ሲሄድ የሚያልፈው በሰው ግቢ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ የዝግጅቱ ዋና ነገር ለውሃው መንገድ መስጠት ነው።

በባህረ ሐሳብ ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። ዝናቡ የሚጠናው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የደሴ ሰው ግን አስቀድሞ ፈተናውን ያየዋል። በልግ ሲዘንብ የትኛው ቦታ እንደሚያፈስ ይታወቃል። ጠብታው ያረፈበት ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ይቀራል። ግንቦት ላይ ቆርቆሮ የሚወጣ ሰው ያንን ክብ ተከትሎ ቀዳዳውን ያገኘዋል።

ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ከተማዋን ባቀኑበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አብዛኛው ቤት ሳር ክዳን ነበር። አሁን ጣሪያው በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው። ጥሩ እጅ ያለው ሰው ሚስማሩን ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም፤ ጉብታው ላይ ነው የሚመታው። ከሚስማሩ ራስ ሥር ጎማ ይገባል። ጎማው በፀሐይ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይቀየራል። ትንንሽ ቀዳዳ ደግሞ በሬንጅ ይደፈናል። ሬንጁ በቆርቆሮ ጣሳ እሳት ላይ ይቀልጣል፣ ቁራጭ ጨርቅ ይነከርበትና ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። ይህ ሥራ ፀሐይ ይፈልጋል፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሬንጅ አይዝም። አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመው የባህር ዛፍ ቅጠልም አብሮ ይጠረጋል።

ቀጥሎ ቦይ ነው። ከቤቱ በላይ በኩል፣ ተዳፋቱን ተሻግሮ ይቆፈራል፤ ጎርፉ ግድግዳውን ሳይነካ በጎን እንዲያልፍ። አፉ የጎረቤት ግቢ ላይ እንዳይከፈት ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የሰፈር ጠብ እዚህ ላይ ሊነሳ ይችላል። በገደላማው ሰፈር ዝናብ ሲበዛ መሬት የመንሸራተት አደጋ አለ። ድጋፍ ግንብ የሠራ ሰው ግንቡ ውስጥ የውሃ መውጫ ቀዳዳ መተው አለበት፤ ካልተወ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ግንቡን ይገፋዋል። ባህር ዛፍ ተዳፋቱን ይይዛል የሚሉ አሉ፤ ምንጭ ያደርቃል የሚሉም አሉ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ያላቸው ይመስላል።

የጭቃ ቤት ያለው ቤተሰብ ግድግዳውን ይመርጋል። አፈርና የጤፍ ጭድ ተቀላቅሎ ለቀናት ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል። በደንብ የቦካ ጭቃ ሲደርቅ አይሰነጠቅም። ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ያለው የግድግዳ ክፍል ይበልጥ ይጎዳል፤ ከጣሪያ የሚወርደው ጠብታ መሬት ነክቶ የሚረጨው እዚያ ነውና።



እናቶች በዚህ መሀል በርበሬውን አስጥተው አስፈጭተው ይጨርሳሉ፤ ሐምሌ ላይ ፀሐይ አይገኝም። የተፈለጠው እንጨት ከመሬት ከፍ ብሎ ይደረደራል፣ ሸራ ይለብሳል። ከሰል የሚያነድ ሰው መስኮት ትንሽ መክፈት አለበት። ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ አለና፣ ከሰሉ ቤት ውስጥ እያለ በር ዘግቶ መተኛት አይገባም።

ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ውርጭ ይመጣል። ጥቅምት ላይ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ይደፈናል።