የሐሞት ቱቦ መዘጋት ምንድን ነው? አንጀትንስ ምን ያደርገዋል?

መንዝም ሆነ ተጉለት በግ ሲታረድ ጉበት የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠነቀቀው ለሐሞቱ ነው፤ ከፈሰሰ ሥጋውን ያመርረዋል። በሕይወት ባለ አካል ውስጥ ግን ይህ መራራ ፈሳሽ ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት። የሰው ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል፤ ሐሞቱም በቀጭን ቱቦ ወርዶ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይገባል። ይህ መንገድ በጠጠር፣ በቆሽት ላይ በበቀለ ዕጢ፣ በጠባሳ፣ አንዳንዴም ሽቅብ በወጣ ወስፋት ሲደፈን የሐሞት ቱቦ መዘጋት ይባላል።

ዐይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ቆዳ ያሳክካል። በሰሜን ሸዋ ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባልና ቅጠል ይጨመቅለታል። ጉበትን ያጠቃ ቫይረስ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚለቅ መድኃኒት አዋቂው ይመሰገናል። የተዘጋ ቱቦ ግን በቅጠል አይከፈትም፤ የሚጠፋው ጊዜም ውድ ነው።

ምክንያቱም ጉዳቱ ጉበት ላይ አይቆምም። ሐሞት እንዶድ ከልብስ ላይ ቅባት እንደሚያስለቅቅ የምግብ ስብን ይበትናል፤ በዚሁ ጠባዩ የብዙ ባክቴሪያዎችን ቅባታማ ሽፋን ይጎዳል። የአንጀት ግድግዳም የራሱን መከላከያ እንዲያመነጭ ያነቃቃዋል። ሐሞት ሲቀር እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ከልክ በላይ ይራባሉ፣ የግድግዳው ሴሎች መጋጠሚያ ይላላል፣ ባክቴሪያና መርዙ ሾልከው ወደ ጉበት በሚወስደው ደም ውስጥ ይገባሉ። በደህና ጊዜ የጉበት ጠራጊ ሴሎች ያጠፏቸው ነበር፤ አሁን ግን እነርሱም በተጠራቀመው ሐሞት ተዳክመዋል። ስለዚህ መርዙ በመላ አካል ይሰራጫል፤ ኩላሊት ሳይቀር ይጎዳል።

በቱቦው ውስጥ የቆመው ሐሞትም ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ግፊቱ ሲጨምር ባክቴሪያው ወደ ደም ይገፋል። የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ ከቀኝ ጎድን በታች ሕመምና የዐይን ቢጫነት አንድ ላይ ሲመጡ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1877 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የገለጸው የቱቦ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ሕመምተኛው መቀባዠር ከጀመረ ወይም የደም ግፊቱ ከወረደ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ከመሐል ሜዳም ሆነ ከአንኮበር በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መነሳት እንጂ እስከ ነገ ማየት የለም።

አልትራሳውንድ የቱቦውን መስፋት ያሳያል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጊዜ ይገዛል እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ወይም በቀዶ ሕክምና መከፈት አለበት። ሐሞቱን በቱቦ ወደ ውጭ ማፍሰስ ግፊቱን ያስተነፍሳል፤ አንጀት ያጣውን ግን አይመልስለትም። ቱቧቸው በታሰረ የሙከራ እንስሳት ላይ ሐሞት በአፍ ሲሰጥ ሾልኮ የሚያልፈው ባክቴሪያ መቀነሱ የታየውም ለዚህ ነው። ቫይታሚን ኬም ያለ ሐሞት ከአንጀት በደንብ አይመጠጥም፤ ደም መርጋት ስለሚያቅተው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመርፌ ይሰጣል።