«ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?» እና ሌሎች ስለ ወላጆች ጠብ የሚባሉ ስህተቶች

የባልና ሚስት ጠብ ልጆችን ምን ያደርጋል ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ትልልቆቹን ለማጽናናት የተባለ ነው። ልጆቹን ግን አይጠቅምም።

«ገና ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል?»

ቃሉ ላይገባው ይችላል፣ ድምፁን ግን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸውን ሕፃናት አንጎል ተኝተው ሳለ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳይ መሣሪያ) ተመልክቷል። ጭቅጭቅ በበዛበት ቤት የሚያድጉት፣ እንቅልፍ ላይ ሆነው እንኳ፣ የተቆጣ ድምፅ ሲሰሙ ከጭንቀትና ከስሜት ጋር የተያያዙት የአንጎላቸው ክፍሎች ከሌሎቹ ሕፃናት በበለጠ ተቀስቅሰዋል። ስለዚህ «ተኝቷል፣ አይሰማም» ብላችሁ አጠገቡ አትጩሁ።

«እኛ ቤት ጩኸት የለም»

ኩርፊያስ? ባልና ሚስት ለቀናት ሳይነጋገሩ «ለአባትህ እንዲህ በለው»፣ «ለእናትሽ ንገሪያት» እያሉ ሲኖሩ ልጁ መልእክተኛ ይሆናል፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ዳኛ ያደርጉታል። ከአንዱ ጋር ሲስቅ ሌላውን የከዳ ይመስለዋል። ይህ ሸክም ለልጅ በጣም ከባድ ነው፣ በጸጥታ ስለሆነም አይቀልም።

«ጥሩ ወላጆች ልጅ ፊት አይጣሉም»

አለመስማማት ያለ ነው። ማርክ ከሚንግስ እና ፓትሪክ ዴቪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ልጁን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ቤተሰቡ አስተማማኝ ሆኖ ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ነው አጨራረሱ ትልቅ ቦታ ያለው። ተከራክራችሁ ከተስማማችሁ ልጁ ይረጋጋል፣ ችግር እንዴት እንደሚፈታም ያያል። ጠቡን ፊቱ ጀምራችሁ ዕርቁን መኝታ ቤት ከጨረሳችሁት ግን ቢያንስ «ተጣልተን ነበር፣ አሁን ታርቀናል፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። ይቺን የመጨረሻዋን አትርሷት፤ ብዙ ልጆች የወላጆቻቸውን ጠብ በራሳቸው ያመካኛሉ፣ በተለይ ጠቡ ስለ እነሱ ትምህርት ወይም ወጪ ከሆነ።

«ምንም አላለም፣ ደህና ነው»

ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ይደባደባል፣ አንዳንዱ ሆዴን፣ ራሴን ይላል፣ ትቶት የነበረ አልጋ ላይ መሽናት ይመለስበታል። ከመጠን በላይ ጨዋ የሚሆንም አለ፣ እሱ ካላጠፋ ቤቱ ሰላም የሚሆን ስለሚመስለው። ሕመሙን ሐኪም ይየው፣ ከዚያ ግን የቤቱንም ሁኔታ ጠይቁ። ለሳምንታት ከቀጠለ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

«ለልጆቹ ስንል አብረን እንኑር»

ይህ እንደ ቤቱ ነው። የአሜሪካው የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ፖል አማቶና ባልደረቦቹ ለዓመታት ተከታትለው እንዳዩት፣ ጠቡ ከባድ በነበረበት ቤት ፍቺው ለልጆቹ የተሻለ ሆኗል፣ ብዙም ጠብ ባልነበረበት ቤት ደግሞ ፍቺው ጎድቷቸዋል። ከተፋቱ በኋላም በልጁ በኩል መጣላት ከቀጠለ ጉዳቱ አብሮ ይቀጥላል። ዱላ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚያ «መቻቻል» የሚባል ምክር አይሠራም፣ መጀመሪያ እናንተም ልጆቹም ደህና ቦታ መድረስ አለባችሁ።