ሙሴ መልስ ከመስጠቱ በፊት በግንባሩ ወደቀ

ዘኍልቁ ምዕራፍ 16ን ስናነብ ዓይናችን ቶሎ የሚሮጠው አፏን ወደ ከፈተችው ምድር ነው። በሙሴ ላይ ያመፁትን ቆሬን፣ ዳታንን፣ አቤሮንን ዋጠቻቸው፤ አለቀ። ዛሬ ግን ወገኖቼ፣ ከዚያ በፊት ያለችው ቁጥር 4 ላይ ቆም እንበል፦ ሙሴ ይህን በሰማ ጊዜ በግንባሩ ወደቀ።

የሰማው ቀላል ነገር አልነበረም። ቆሬ ባዕድ አይደለም፤ የአባቱ ወንድም ልጅ ነው። ከጎኑ 250 የታወቁ የማኅበሩ አለቆች ተሰልፈዋል። ክሱም መንፈሳዊ ልብስ ለብሷል፦ «ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው፤ እናንተ ለምን ትኮራላችሁ?» ኋላም ዳታንና አቤሮን ይባስ ብለው ወተትና ማር የምታፈስሰው ምድር ግብፅ ናት አሉ። ያቺ የጡብና የጅራፍ አገር!

ሙሴ አልተናደደም ማለት አይደለም። ቁጥር 15 እጅግ ተቈጣ ይላል። ቁጣውን ይዞ የሄደው ግን ወደ እግዚአብሔር ነው። ከእነርሱ አንድ አህያ እንኳ አልወሰድሁም ብሎ ሒሳቡን በፊቱ ዘረገፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ «ቆሬ» ተብሎ የሚሸማቀቅበት ቦታ አለ። ይህን ምዕራፍ ለዚያ የሚጠቅስ መሪ እስቲ መጀመሪያ ቁጥር 15ን በጉባኤ ፊት ጮክ ብሎ ያንብብ።

ቆሬ ማኅበሩን ሁሉ በሙሴና በወንድሙ በካህኑ አሮን ላይ ሰበሰበ። እግዚአብሔር «ከመካከላቸው ተለዩ፣ ላጥፋቸው» ሲል ሙሴ እንደገና፣ አሁን ከአሮን ጋር፣ በግንባሩ ወደቀ። ስለ ራሳቸው ስም አንድም ቃል የለም። «አንድ ሰው ኃጢአት ቢሠራ በማኅበሩ ሁሉ ላይ ትቈጣለህን?» እያሉ የሚማልዱት ሊያወርዷቸው ለተሰበሰቡት ሰዎች ነው።

በማግስቱ ሕዝቡ «የእግዚአብሔርን ሕዝብ ገደላችሁ» ብሎ ተነሣ። ሙሴ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከአሮን ጋር፣ ወደቀ። መቅሠፍቱ ግን ጀምሮ ነበርና ሙሴ አሮንን ጥናህን፣ የዕጣን ማጨሻህን፣ ይዘህ ፈጥነህ ሂድ አለው። አሮን ሮጠ። ክህነቱ ላይ ለተነሡበት ሰዎች ዕጣን ይዞ፣ በስተርጅና፣ ሮጠ። በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ። እስከዚያ 14,700 ሰው ሞቷል።

በግንባር መውደቅ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። ምዕራፍ 20 ላይ ሕዝቡ ውኃ አጥቶ ሲጣላ እነዚሁ ሁለቱ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ በግንባራቸው ወደቁ። ለድንጋዩ ተናገሩ ተባሉ። ሙሴ ከጸሎቱ ተነሥቶ ሕዝቡ ፊት ሲቆም ግን የታፈነው ምሬት ገነፈለ። «እናንተ ዓመፀኞች» አላቸው፤ ድንጋዩንም ሁለት ጊዜ መታው። ውኃው በብዙ ወጣ፤ ሕዝቡም ከብቱም ጠጣ። ሙሴና አሮን ግን ወደ ተስፋይቱ ምድር አልገቡም።