ስለ ካናዳ ፍሪጌቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካናዳ ባሕር ኃይል «ሃሊፋክስ» በሚባለው ምድብ 12 ፍሪጌቶች (መካከለኛ የጦር መርከቦች) አሉት። እያንዳንዱ 134 ሜትር ይረዝማል፤ ከ200 በላይ መርከበኞችንም ይይዛል። ስለነሱ ሲወራ እየተደጋገሙ የሚመጡ ስህተቶች አሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካናዳ ሰላማዊ አገር ስለሆነች መርከቦቿ ከራሷ ባሕር አይርቁም»

እውነታው ሌላ ነው። ለኛ ቅርብ ከሆነው ልጀምር። በ2008 በሶማሊያ ባሕር ላይ ወንበዴዎች መርከብ እየጠለፉ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል የጫኑ መርከቦችም ያለ አጃቢ መሄድ አስጊ ሆነባቸው። ያኔ ፍሪጌቷ «ቪል ደ ኬቤክ» መጥታ አጀበቻቸው። እህሉ በሰላም ወደብ ደረሰ። ይህ ሥራ ከሚገባው በታች ነው የሚወራለት። ጎረቤቶቻችን የበሉት እህል ነውና ልናስታውሰው ይገባል።

በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ምድቡ በስሟ የሚጠራባት መርከብ «ሃሊፋክስ» ለእርዳታ ሄዳለች። በ2011 ደግሞ «ሻርለትታውን» በሊቢያዋ ሚስራታ አቅራቢያ ከባሕር ዳርቻ ተተኩሶባታል።

«የፍሪጌት ዋና ሥራ መድፍ መተኮስ ነው»

መድፍም ሚሳኤልም አላት። የተሠራችው ግን በዋናነት ሰርጓጅ መርከብ ለማደን ነው። ይህ ደግሞ የማዳመጥ ሥራ ነው። ሶናሯ፣ ማለትም የውሃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫዋ፣ ከውሃው ውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ይለያል። የራሷ ጩኸት ከበዛ ግን ምንም አትሰማም። ስለዚህ ገና ስትነደፍ የሞተሮቿን ድምፅና ንዝረት ለመቀነስ ብዙ ተለፍቷል። ሁለት ጋዝ ተርባይኖቿ ለፍጥነት ናቸው፤ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዷታል። በአዘቦቱ ጉዞ የምትጠቀመው ግን አንድ የናፍጣ ሞተር ነው።

በአደኑ የሩቁን የምትሸፍነው ሄሊኮፕተሯ ናት። ሥራው ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 2020 የ«ፍሬደሪክተን» ሄሊኮፕተር ወደ መርከቧ ስትመለስ በአዮኒያን ባሕር ላይ ወድቃ የተሳፈሩት 6 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ጦርነት ላይ አልነበሩም። «ሰላም ከሆነ ምን አደጋ አለው?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

«የካናዳ መርከብ ከሆነች በረዶ ትሰብራለች»

አትሰብርም። ለአርክቲክ በረዶ የተሠሩት «ሃሪ ዴዎልፍ» የሚባሉት ሌሎች መርከቦች ናቸው።

«የወንዶች ዓለም ነው»

ሴቶች በመርከቦቹ ላይ ማገልገል ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በ2009 ጆሴ ኩርትዝ የ«ሃሊፋክስ» አዛዥ ሆናለች።

«አርጅተዋል፣ አይረቡም»

ግማሹ እውነት ነው። አገልግሎት የጀመሩት ከ1992 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ነው። ከ2010 ወዲህ በተደረገላቸው ትልቅ እድሳት ራዳራቸውና የውጊያ መቆጣጠሪያ ሥርዓታቸው ተቀይሯል። በዚህ በኩል ከዘመናቸው ጋር ናቸው። የመርከቦቹ ቀፎ (ውጫዊ አካላቸው) ግን ያው የድሮው ነው፤ ዝገትም ይበላዋል። ተተኪ እንዲሆኑ የታቀዱት 15 «ሪቨር» መርከቦች ግንባታቸው ገና መጀመሩ ነው። እነሱ እስኪደርሱ ሸክሙ በአሮጌዎቹና በጠጋኞቻቸው ላይ ነው፤ ለጥገናው የሚወጣውን ገንዘብ እንደ ብክነት ከሚቆጥሩት ጋር የማልስማማውም ለዚህ ነው።