የፖሊስተር ሬዚን ቅልቅል በደረቅ ቶነር ውስጥ

ደረቅ ቶነር፣ ማለትም የፎቶኮፒና የሌዘር ማተሚያ ማሽን ቀለም፣ ላዩን ሲያዩት ጥቁር ዱቄት ነው፤ ሲመዘን ግን አብዛኛው ሙጫ ነው። የብረት ኦክሳይድ በማይገባበት ቶነር ከጠቅላላው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህሉን የሚይዘው ሬዚን፣ ማለትም በሙቀት ለስልሶ ወረቀት ላይ የሚጣበቅ ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። የካርበን ጥቁር ወይም ሌላ ቀለም ሰጪ፣ ሰም እና ዱቄቱ የሚይዘውን የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የሚያመጣጥን መቆጣጠሪያ የቀረውን ይጋራሉ። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ከሬዚኖቹ መካከል ፖሊስተርን (አሲድና አልኮል በረጅም ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠራውን)፣ በተለይም ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ፖሊስተር ተቀላቅሎ የሚዘጋጀውን ነው። የፎቶኮፒ ታሪክ ሲነገር ማሽኖቹና ፈልሳፊዎቻቸው ይወደሳሉ፤ ጽሑፉን ወረቀቱ ላይ አጽንቶ የሚያቆየው ሙጫ ግን ስሙ እምብዛም አይነሳም።

አመጣጥ

ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 በኒው ዮርክ አስቶሪያ ሰፈር ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር የመጀመሪያውን ደረቅ ቅጂ ሲያወጣ የበተነው ዱቄት ሊኮፖዲየም የሚባል የተክል ብናኝ ነበር። ሥራው በ1944 ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ወደሚገኘው ባቴል የምርምር ተቋም፣ ከዚያም በኋላ ስሙን ዜሮክስ ወዳለው ሃሎይድ ኩባንያ ተሻገረ። በ1959 የወጣው ዜሮክስ 914 እና ተከታዮቹ በአመዛኙ የተጠቀሙት በስታይሪን ላይ የተመሠረተ ሬዚን ነው። ስታይሪን ርካሽ ነው፤ እርጥበትም ብዙ አይበግረውም፤ ለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ የገበያው ዋና ሬዚን ሆኖ የቆየው።

ፖሊስተር በሰነድ ጎልቶ የሚታየው ዜሮክስ በ1971 ባገኘው፣ ቁጥሩ 3,590,000 በሆነው የአሜሪካ ፓተንት ላይ ነው። በሰነዱ የፈልሳፊነት ስማቸው የሰፈረው ፓለርሚቲ እና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ የሚገልጸውም ከሁለት አሲዳማ ጫፍ ካለው ውህድ እና ዲፊኖል ካለበት አልኮል የተሠራ ሬዚን ነው። ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ የቶነር ፓተንቶች ይህንን ሰነድ ይጠቅሳሉ። የዘርፉ መነሻ ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በእርግጥ የዜሮክስን ፓተንቶች ብቻ የሚያነብ ሰው ዘርፉ በሙሉ የዜሮክስ ሊመስለው ይችላል።

ፖሊስተሩ እንዴት ይሠራል?

የተለመደው አሠራር ከቢስፌኖል ኤ እና ከፕሮፒሊን ወይም ኤትሊን ኦክሳይድ የተገኘን አልኮል ከቴሬፍታሊክ ወይም ከፉማሪክ አሲድ ጋር ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እያሞቁ ማዋሃድ ነው። በየግንኙነቱ አንድ ሞለኪውል ውኃ ይወጣል፤ ውኃው ካልተወገደ ሰንሰለቱ አይረዝምም። ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ከተፈለገ ሦስት አሲዳማ ጫፍ ያለው ትሪሜሊቲክ አንሃይድራይድ ይጨመራል። ውህደቱን የሚያፋጥነው ካታሊስት ለብዙ ዘመን የቆርቆሮ ውህድ ነበር፤ በኋላ ብዙ አምራቾች ወደ ቲታኒየም አዘንብለዋል።

መቀላቀል ለምን አስፈለገ?

ከአንድ ሬዚን እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ነገሮች ይጠየቃሉ። ቶነሩ መጋዘንና ካርትሪጅ ውስጥ ሳለ እንዳይጋገር መለስለስ የሚጀምርበት ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ፊውዘሩ፣ ማለትም ቶነሩን በጋለ ጥቅል (ሮለር) እያሞቀ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው የማሽኑ ክፍል፣ ሥር ሲያልፍ ደግሞ በሰከንድ ክፍልፋይ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ክሮች መግባት ይጠበቅበታል። ከቀለጠም በኋላ ከጋለው ጥቅል ጋር ሳይጣበቅ መላቀቅ አለበት።

አጭርና ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያለው ፖሊስተር ቶሎ ይቀልጣል፤ ወረቀቱንም በደንብ ይይዛል። ችግሩ ሙቀቱ ትንሽ ሲያልፍ በጣም መቅጠኑ ነው፤ የቀለጠው ንብርብር ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ጥቅሉ ላይ ይቀራል፤ ጥቅሉም አንድ ዙር ዞሮ ያንኑ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ያትመዋል። ሳይታሰስ እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ እንዲያውም የቀድሞዎቹ የቀለም ኮፒ ማሽኖች ጥቅሉን በሲሊኮን ዘይት ያሹት ነበር። ሰሙ ወደ ቶነሩ ውስጥ ሲገባ ነው ዘይቱ የቀረው። በአንጻሩ ረጅምና እርስ በርሱ የተሳሰረ ሰንሰለት ያለው ፖሊስተር ሲጋልም ጅማቱ ስለማይበጠስ ጥቅሉ ላይ አይቀርም፤ ግን ለመቅለጥ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሲፈጭም ያስቸግራል።

ሁለቱን መቀላቀል የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሸፍናል። መጠኑን በመለዋወጥም አንጸባራቂነትን መወሰን ይቻላል፤ የተሳሰረው ክፍል ሲበዛ ኅትመቱ ይፈዛል፤ ሲያንስ ያብረቀርቃል። ለጽሑፍ የፈዘዘው፣ ለፎቶግራፍ የሚያብረቀርቀው ይመረጣል።

ቅልቅሉን ለማግኘት የግድ ሁለት ሬዚን በየበርሜሉ ማምጣት አያስፈልግም። ዜሮክስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባስመዘገባቸው ፓተንቶች የገለጸው መንገድ፣ ፉማሪክ አሲድ ያለበትን ቀጥተኛ ፖሊስተር ኤክስትሩደር በሚባል አቅልጦ የሚያቦካ ማሽን ውስጥ እያቀለጡ ፐርኦክሳይድ በሚባል ኬሚካል ከፊሉን ማስተሳሰር ነው። ውጤቱ በቀጥተኛው ሬዚን ውስጥ የተበተኑ፣ ስፋታቸው ከ0.1 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ጥቃቅን ጄሎች፣ ማለትም የተሳሰረው ሬዚን ቅንጣቶች፣ ናቸው። ብልህ አሠራር ነው፤ ቅልቅሉ የሚፈጠረው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ስለሆነ አለመዋሃድ የሚባለው ችግር ይቀንሳል። ለመነሻነት በሰነዶቹ ተደጋግሞ የሚጠራው ሬዚን ስፓር 2 ሲሆን ምንጩም ብራዚላዊው ሬዛና ኩባንያ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ በ1887 ተመሥርቶ በገላ ሳሙና የታወቀው ካኦ ከዋናዎቹ የቶነር ፖሊስተር አምራቾች አንዱ ሆኗል።

ክሪስታላዊው አጋር

በኋላ የመጣው ሦስተኛ አባል ክሪስታላዊ ፖሊስተር፣ ማለትም ሰንሰለቶቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ፖሊስተር ነው። ይህኛው ቀስ በቀስ አይለሰልስም፤ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በአንዴ ይቀልጥና ጎረቤቱን ሬዚን ያለሰልሳል። ፊውዘሩ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲሠራ ስለሚያስችል የኤሌክትሪክ ፍጆታን ይቀንሳል። ነገር ግን ከሌላው ሬዚን ጋር ከመጠን በላይ ከተዋሃደ ቶነሩ ማከማቻ ውስጥ ይጋገራል፤ ጨርሶ ካልተዋሃደ ደግሞ ቻርጁ ያመልጣል። ስለዚህ በብዙ ቶነሮች በእምብርቱ ተደብቆ ጠንካራው ሬዚን እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ይህን ቅርጽ በመፍጨት ማግኘት ስለማይቻል ከናኖሜትር ቅንጣት አሰባስቦ የሚገነባው ኬሚካላዊ ዘዴ ተመራጭ ነው፤ በዚህ መንገድ ከ5 እስከ 7 ማይክሮሜትር የሆነ እኩል ቅንጣት ይገኛል።

ጥንካሬና አከራካሪ ነጥቦች

ፖሊስተር ከስታይሪን በግልጽ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ። የትምህርት ማስረጃውን ፒቪሲ ላስቲክ ውስጥ ለዓመታት ያስቀመጠ ሰው ፊደሎቹ ላስቲኩ ላይ ተለጥፈው ሲመጡ ሳያይ አልቀረም። ከላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻ የስታይሪን ሙጫን ስለሚያላላ ነው፤ ፖሊስተር ይህንን በተሻለ ይቋቋማል።

የእርጥበት ነገር ግን ድክመቱ ነው። ጫፎቹ ላይ ያሉት አሲዳማ ቡድኖች ለኔጌቲቭ ቻርጅ ቢረዱም ውኃ ይስባሉ፤ አምራቾችም የአሲድ መጠናቸው የተለያየ ሬዚኖችን በማቀላቀል ያመጣጥኑታል። ቢስፌኖል ኤ በጤና ረገድ ያከራክራል። በፖሊስተሩ ውስጥ የሚገኘው በኬሚካላዊ ግንኙነት ታስሮ ስለሆነ ነፃ ቢስፌኖል ከሚቀባበት የደረሰኝ ወረቀት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ተገቢ አይመስልም፤ ያም ሆኖ በርካታ አምራቾች አማራጭ አልኮሎችን እየፈለጉ ነው።

የካርልሰንን ሥራ ያሳደገው ባቴልም ወደ ቶነር ተመልሷል። ከአኩሪ አተር በተገኘ ጥሬ ዕቃ ፖሊስተርን ጨምሮ የቶነር ሬዚኖችን ሠርቶ በ2008 የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቷል። ሬዚኖቹ ወረቀቱ መልሶ ጥቅም ላይ ሲውል ከክሩ በቀላሉ እንዲላቀቁ ታስበው የተሠሩ ናቸው።