«እሷ ናት እንዴ የምታበረው?»፦ ስለ ሴቶችና አውሮፕላን የምንሳሳታቸው ነገሮች

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት አዘዞ ያደግን ልጆች ሰዓት የምንለየው በአውሮፕላን ድምፅ ነበር። አጥሩ ሥር ቆመን ሲያርፍ እናያለን፤ ማን እንደሚያበረው ግን ጠይቀን አናውቅም። ወንድ መሆኑ ምን ያጠያይቃል!

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የአክስቴ ባል ከአዲስ አበባ በአየር መጡ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «ልንነሳ ስንል በድምፅ ማጉያው የሴት ድምፅ ሰማሁ። ካፒቴናችሁ ነኝ አለች። እሷ ናት እንዴ የምታበረው ብዬ አማተብኩ።» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ግን ክርክር ተነሣ፤ አንዱ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የምትለዋን ተረት አመጣት። ከምንትዋብ ቁስቋም ብዙም ሳይርቁ፣ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጭነው ጎንደርን ካስተዳደሩ እቴጌ ግቢ አጠገብ ተቀምጦ ይህን መናገር ድፍረት ይጠይቃል። የዚያን ዕለት በቅጡ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«ሴት አብራሪ የአሁን ዘመን ነገር ናት»

ይቺ የጋሼ ናት፤ የሌሎቹም ስህተቶች እናት ስለሆነች ቆም ልበልባት።

የራይት ወንድማማቾች በሞተር የሚሄድ አውሮፕላናቸውን ያበረሩት በ1903 ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ ማርች 8 ቀን 1910፣ ሬይሞንድ ደ ላሮሽ የምትባል ፈረንሳዊት የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበለች፤ ቁጥሩ 36 ነበር። (ማርች 8 ያኔ ገና የሴቶች ቀን አልሆነም፤ አጋጣሚ ነው።) በዚያው ዓመት አየርላንድ ውስጥ ሊሊያን ብላንድ አውሮፕላን ራሷ ነድፋ፣ ራሷ ሠርታ፣ ራሷ አበረረችው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ቤሲ ኮልማን በአገሯ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ስታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ ባሕር ተሻገረች፤ በ1921 ፈቃዷን ይዛ ተመለሰች። በአፍሪካ ደግሞ ግብፃዊቷ ሎትፊያ ኤል ናዲ በ1933 ፈቃድ አገኘች።

እኛስ? የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ብዙ ሳይቆይ፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከመውረሩ በፊት፣ ሙሉመቤት እምሩ የምትባል ወጣት የበረራ ትምህርት ጀምራ ነበር። ያስቆማት ወረራው እንጂ አቅሟ አልነበረም።

ሰው ግራ የሚጋባው በአንድ ሌላ ዜና ነው። አምሳለ ጓሉ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ብዙዎች «የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ» አድርገው ያዙት። ካፒቴንና አብራሪ አንድ አይደሉም። በረራ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው አለ፤ ትከሻው ላይ አራት መስመር ያለው ካፒቴን ነው፣ ሦስት ያለው ረዳት አብራሪ። ረዳት አብራሪ ደግሞ እንደ ታክሲ ረዳት በር ከፋች አይደለም። በአብዛኛው ሁለቱ ተራ ይገባሉ፤ ሲሄዱ አንዱ ያበረረውን፣ ሲመለሱ ሌላው ያበርረዋል። አምሳለም ካፒቴን ከመሆኗ በፊት ለዓመታት ረዳት አብራሪ ነበረች። ጋሼ በዚያ ዘመን ሲመላለሱ በሴት እጅ አርፈው ይሆናል፤ ስላልተነገራቸው አላማተቡም።

ታዲያ ሴት አብራሪ ለምን አዲስ መሰለችን? ገብታ ስለተገፋች ነው። አሜሪካዊቷ ሄለን ሪቺ በ1934 በአንድ አየር መንገድ መደበኛ በረራ ላይ ተቀጠረች። የአብራሪዎች ማኅበሩ ግን አባል አላደርጋትም አለ፤ አየሩ ከከፋም አታበርር ተባለ። በደህና ቀን ብቻ የሚያበርር አብራሪ ደግሞ ማን ይፈልጋል? በ1935 ለቀቀች። በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ቀጥሎ ሴት የተቀጠረችው በ1973 ነው፤ ኤሚሊ ሃውል ዋርነር። እሷም የበረራ አስተማሪ ነበረች፤ ያስተማረቻቸው ወንዶች አንድ በአንድ ሲቀጠሩ ቆማ አይታለች። በሁለቱ መካከል 38 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ያደገ ልጅ አብራሪ ሲባል ወንድ ብቻ ቢታየው አይፈረድበትም።

«ጉልበት ይጠይቃል»

በድሮዎቹ አውሮፕላኖች መሪው ከክንፉና ከጭራው ጋር በሽቦ ስለሚያያዝ ክንድ ያደክም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያንንም ሴቶች አብርረውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ውስጥ ከ160 በላይ ሴቶች ከፋብሪካ የወጡ ተዋጊ አውሮፕላኖችንና ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣዮችን ወደ ጦር ሰፈር ያደርሱ ነበር፤ በ1943 ደመወዛቸው ከወንዶቹ እኩል ሆነ። የሶቭየት 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት ደግሞ ከአብራሪዋ እስከ መካኒኳ ሴት ነበር። ከእንጨትና ከሸራ በተሠራ አዝጋሚ አውሮፕላን ከ23,000 ጊዜ በላይ ተሰማርተዋል። ቦምቡን እየተሸከሙ የሚሰቅሉትም ሴቶች ነበሩ፤ በጨለማ፣ በክረምት፣ በአንድ ሌሊት ደጋግመው።

አሁን ክንድ ሳይሆን የፈሳሽ ግፊት (ሃይድሮሊክ) እና ኮምፒውተር ነው የሚገፋው። የአዘዞን ነገር ልንገራችሁ። ማረፊያችን ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በመጋቢት እኩለ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይባስ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም ለመነሳት ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ረጅም ይሮጣል። አብራሪዋ ከመነሳቷ በፊት ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና የማኮብኮቢያውን ርዝመት ታሰላለች፤ ካልበቃ ጭነት ይቀነሳል። ከየትኛው ፍጥነት በኋላ ማቆም እንደማይቻልም አስቀድማ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ሒሳብ ነው። የትኛው ጡንቻ እንደሚያሰላው የሚነግረኝ ካለ ልስማ።

«የሴት ቦታ ሆስተስነት ነው»

መጀመሪያ የወንድ ሥራ ነበር። በ1912 በጀርመን የአየር መርከብ (በጋዝ በሚንሳፈፍ ግዙፍ ፊኛ መሰል በራሪ) ላይ መንገደኛ ያስተናገደው ሃይንሪክ ኩቢስ ወንድ ነው፤ በታሪክ የሚታወቀው የመጀመሪያው የበረራ አስተናጋጅ እሱ ነው። ሴቶች የገቡት በ1930 ነው፤ አገባባቸውም ያስገርማል። ኤለን ቸርች ነርስ ነበረች፣ የአብራሪነት ፈቃድም ነበራት። በአብራሪነት ቅጠሩኝ ስትል እምቢ አሏት። «እንግዲያው ነርስ አሳፍሩ፤ መንገደኛው ይረጋጋል» አለች፤ ተቀበሏት። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ሴት አስተናጋጅ ከፊት ወንበር የተከለከለች አብራሪ ነበረች።

ሥራውንም አሳንሰን ነው የምናየው። ሻይ ማቅረብ የአስተናጋጇ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖች ፈቃድ የሚያገኙት ከበሮቻቸው ግማሹ ተዘግቶ፣ ሙሉ መንገደኛ በ90 ሰከንድ ሲወጣ ታይቶ ነው። ያን ሰው ጮሃ፣ ገፍታ፣ ቦርሳ አስጥላ የምታስወጣው እሷ ናት።

«ሞተር የሴት ነገር አይደለም»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቢያትሪስ ሺሊንግ ትበቃኛለች። በጦርነቱ መጀመሪያ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን ወደ ታች ድንገት ሲደፉ ሞተራቸው ይንተፋተፍ ነበር፤ የጀርመኖቹ ግን አይነካቸውም። ችግሩ ነዳጁ ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ማጥለቅለቁ ነበር። ኢንጂነሯ ሺሊንግ የነዳጁን ፍሰት የምትመጥን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ሠራች፤ አውሮፕላኑ ከሥራ ሳይወጣ የምትገጠም። በ1941 እየዞረች አስገጠመችው።

«ልትወልድ ነው፣ ሥልጠናው ይባክናል»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አክስቴም ብላዋለች። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የጤና ደንብ ግን መልስ አለው። እርግዝናው ጤናማና ስጋት የሌለበት ከሆነ፣ ከ12ኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ 26ኛው ሳምንት መጨረሻ ብቁ ተብላ ልታበርር ትችላለች። አገሮችና አየር መንገዶች ይህን ሊያጠብቁት ይችላሉ። ከወለደች በኋላ ተመርምራ ትመለሳለች። የአብራሪ የሥራ ዕድሜ አሥርት ዓመታት ነው፤ ከዚያ ላይ ወራት ቢጎድሉ ሥልጠና ባከነ አይባልም። ወንዱም እግሩን ቢሰብር ከበረራ ይወርዳል፤ ለእሱ «ሥልጠናው ባከነ» ሲባል አልሰማሁም።

«አሁንማ እኩል ሆነዋል»

ይቺኛዋ የተቃራኒ ወገን ስህተት ናት፤ የወጣቶቹ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2015 ወደ ባንኮክ በሴቶች ብቻ በረራ ሲያደርግ ደስ ብሎኛል። ግን በወንዶች ብቻ የተደረገ በረራ መቼ ዜና ሆኖ ያውቃል? በዓለም ላይ ካሉ 100 አብራሪዎች ሴቶቹ አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ከ100 ከ12 በላይ ናቸው። የሕንድ ሴት ከሌላው አገር ሴት በተፈጥሮ ተለይታ ነው ማለት ያስቸግራል። ልዩነቱ ማን እንዳስተማረ፣ ማን እንደቀጠረ፣ ሌሊት ማን ልጅ እንደያዘ ነው።

በዚያ የቡና ሰዓት የእህቴ ልጅ ጥግ ይዛ ስትሰማ ቆየች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በመጨረሻ «መነጽር አድርጌ እችላለሁ?» አለች። ዓለም አቀፉ ደንብ በመነጽር የታረመ ዓይን ይቀበላል፤ ቀለም መለየት ግን ያስፈልጋል፣ በእንግሊዝኛ መነጋገርም እንዲሁ። አየር መንገዶች የየራሳቸውን መስፈርት ይጨምራሉ፤ አንዱ ቁመት ነው። እግር ከፔዳሉ መድረስ ስላለበት ይህ ምክንያት አለው፤ በአጫጭር ሴቶች ላይ ይበልጥ መክበዱም እውነት ነው።

ቁመት ስል ሰምታ ተነሥታ ከግድግዳው ተጠጋች። እርሳስ ፈልጌ ስመለስ ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ጫማሽን አውልቂ እንጂ፣ ማጭበርበር የለም» እያሏት ነበር።