በጃቫስክሪፕት «ኢንፑት» የሚባለው ኢቨንት ምንድን ነው?

በድረ ገጽ ላይ ፎርም የሚሞላ ሰው አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር ብራውዘሩ ኢቨንቶችን፣ ማለትም አንድ ነገር መከሰቱን ለገጹ የጃቫስክሪፕት ኮድ የሚያሳውቁ መልእክቶችን፣ በተከታታይ ያስነሳል፤ ቁልፉ ሲጫን «ኪዳውን»፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ከተለወጠ በኋላ «ኢንፑት»፣ ጣት ከቁልፉ ላይ ሲነሳ ደግሞ «ኪአፕ» ይመጣል። ኪዳውንና ኪአፕ የሚነግሩን ስለ ቁልፉ ነው፤ የጽሑፉን መለወጥ የሚያሳውቀው ግን ኢንፑት ነው።

ይህ ልዩነት በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። በላቲን ፊደላት ድምፅ በሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ እና ኤም በተራ ይጫናሉ። የመጀመሪያው ቁልፍ «ስ»ን ያወጣል፤ ሁለተኛው አዲስ ፊደል ሳይጨምር «ስ»ን ወደ «ሰ» ይለውጠዋል። የቁልፍ ምቶችን እየቆጠረ የፊደል ገደብ የሚያሰላ ኮድ እዚህ 5 ሲቆጥር፣ ኢንፑትን አዳምጦ የሳጥኑን «ቫልዩ» (በውስጡ ያለውን ጽሑፍ) ርዝመት የሚያነብ ኮድ ግን በመጨረሻ ትክክለኛውን 3 ያገኛል። በማውስ ፔስት የተደረገ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ቆጣሪው ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ ኪዳውን የለምና።

አንዳንድ ኪቦርዶች ፊደሉ እስኪጠናቀቅ ድረስ ጽሑፉን በጊዜያዊነት ይዘው ያቆዩታል። ይህ ሂደት «ኮምፖዚሽን» ይባላል፤ መጀመሪያውና መጨረሻው «ኮምፖዚሽንስታርት» እና «ኮምፖዚሽንኤንድ» በተባሉ ኢቨንቶች ይታወቃል፣ በመካከሉ በሚነሱ የኢንፑት ኢቨንቶች ላይም «ኢዝኮምፖዚንግ» የተባለው ምልክት «ትሩ» (እውነት) ይሆናል። በዚህ መሐል ቫልዩውን እየቀየረ የሚያስተካክል ኮድ ሰውየው ያልጨረሰውን ፊደል ያበላሽበታልና፣ ማስተካከያው ኮምፖዚሽኑ እስኪያበቃ መቆየት አለበት። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ኪዳውን ብዙ ጊዜ የትኛውም ፊደል ቢጻፍ 229 የሚል የቁልፍ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ማጣሪያ ምንም አያጣራም።

በስም ሳጥን ላይ ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን ቁልፍ ሁሉ በኪዳውን የሚያግዱ ፎርሞች አሁንም አሉ። እገዳው የማጥፊያውንና የታብን ቁልፍ አብሮ ሲይዝ ተጠቃሚው ከሳጥኑ መውጣት እንኳ ይቸግረዋል። ኪዳውን ተገቢ ቦታው እንደ ኢስኬፕ ወይም የቀስት ቁልፎች ላሉ ትእዛዞች ነው። ፎርሙ ሲላክ የሚሠራ ኮድም የኤንተርን ቁልፍ ከመጠበቅ ይልቅ የፎርሙን «ሰብሚት» ኢቨንት ማዳመጥ ይኖርበታል፤ ሰብሚት ተጠቃሚው ኤንተርን ቢጫንም የመላኪያውን አዝራር ቢነካም ይነሳል።